የማይለቅ ሽፍታ፦ የቆዳ ሊምፎማን ደረጃ በደረጃ ለመረዳት

በቆዳ ላይ የሚወጣ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነገር ነው። ችፌ፣ ጭርት፣ እከክ፣ ቋቁቻ፣ የሳሙና ወይም የሽቶ አለርጂ ሁሉም የታወቀ መድኃኒት አላቸው፤ ብዙዎቹም በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃሉ። ጥቂት ሽፍታ ግን አይለቅም። ቅባት ሲቀቡት ይደበዝዛል፣ ቅባቱ ሲቆም ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ ዓመታት ይቆጥራል። ከእነዚህ ግትር ሽፍታዎች መካከል እጅግ ጥቂቱ የቆዳ ሊምፎማ ነው፤ ማለትም በቆዳ ውስጥ ካሉ ነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ዋነኛው ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ሲሆን ከቆዳ ሊምፎማዎች ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ይህ መመሪያ ያ ስም ለተነገራቸው፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ያልለቀቃቸው ሽፍታ ምን እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልጉ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። የማስረዳው ነጥብ አንድ ነው። ይህ በሽታ ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ የሚታወቀውም የሚታከመውም በጊዜ ሂደት ነው፤ ስለዚህ ታማሚው የሚይዘው መረጃና የሚያሳየው ጽናት ከሐኪሙ መሣሪያ ባልተናነሰ ውጤቱን ይወስናል።

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ይወቁ፤ ፍርሃቱም ስሕተቱም የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሰውነትን ከተሕዋስያን ይጠብቃሉ፤ ከፊሎቹም ዘወትር በቆዳ ውስጥ ይገኛሉ። በማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ከእነዚህ ሴሎች አንዱ ሥርዓቱን ስቶ እየተባዛ በቆዳ ውስጥ ይከማቻል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ሉዊ አሊቤር በሽታውን ፓሪስ ውስጥ በ1806 እ.ኤ.አ. ሲገልጽ ያየው እባጭ እንጉዳይ ይመስል ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። ከፈንገስ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም፤ የፈንገስ መድኃኒትም አያድነውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልጅ ማቀፍ ማንንም አይጎዳም። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ በሽታ ተደርጎም አይቆጠርም። አብዛኞቹ ታማሚዎች ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዛሉ፤ ሆኖም ወጣቶችንና ሕፃናትን ጭምር ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ቲ ሴል ሊምፎማ፣ ማለትም ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ዋነኛው የሆነበት የበሽታ ቡድን፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ስድስት ያህሉን ብቻ እንደሚይዝ የካንሰር መዝገቦች ያሳያሉ። እነዚሁ መዝገቦች ሌላም ነገር ይናገራሉ፦ በሽታው ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ ይበዛል፤ ጥቁር ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ ሲታወቅላቸውም በሽታው ብዙ ጊዜ ገፍቶ ይገኛል። የዚህ አንዱ ምክንያት በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያሳየው መልክ በመማሪያ መጻሕፍት ካለው ሥዕል መለየቱ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ቆዳዎን በራስዎ ዓይን ማየት ነው። በቀን ብርሃን፣ ልብስ አውልቀው፣ ለጀርባዎ መስተዋት ወይም የሚያምኑት ሰው ተጠቅመው ይመልከቱ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፀሐይ በማያገኘው ሥፍራ ነው፤ በመቀመጫ፣ በዳሌ፣ በጭን የላይኛው ክፍል፣ በጡት፣ በብብትና በክንድ ውስጠኛ ገጽ። የነጭ ሰው ቆዳ ላይ ቀላ ያለ፣ ቅርፊት ያለው ዝርግ ምልክት ሆኖ ይታያል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ይሰወራል፤ ምልክቱ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከቀሪው ቆዳ የነጣ ሆኖ ይወጣል። ይህ የነጣው ዓይነት በተለይ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ለምጽ ወይም ቋቁቻ ተብሎ ይታለፋል። ከላይ ያለው ቆዳ አንዳንዴ እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቶ ይሸበሸባል። ማሳከኩ ከምንም እስከ እንቅልፍ የሚነሳ ድረስ ይለያያል። እዚህ ላይ በአገራችን መረሳት የሌለበት ነገር አለ፦ የነጣ ምልክት የሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል። በጥጥ ጫፍ ሲነኩት የማይሰማዎት፣ የደነዘዘ ምልክት ካለ በመጀመሪያ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያድርጉ፤ ያ በሽታ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ በሚሰጥ የተቀናጀ መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል። የሊምፎማ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱን አያጣም።

ካዩ በኋላ ይመዝግቡ። ይህን ምክር ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ያልፈዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። የቆዳ ሐኪም ሽፍታዎን የሚያየው በአንድ ቀን፣ ምናልባትም ቅባት ባደበዘዘው ሰሞን ነው። በሽታውን የሚለየው ግን ታሪኩ ነው፦ በአንድ ቦታ መጽናቱ፣ ቀስ በቀስ መስፋቱ፣ ከፊሉ ሲጠፋ ሌላው መውጣቱ። በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ከተመሳሳይ ርቀት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከምልክቱ አጠገብ ማስመሪያ ያስቀምጡ። በደብተር ላይ መቼ እንደጀመረ፣ የት የት እንዳለ፣ ምን እንደቀቡት፣ ለስንት ቀን እንደቀቡትና ካቆሙ በኋላ ምን እንደሆነ ይጻፉ። ስፋቱን ለመገመት የራስዎን መዳፍ ከነጣቶቹ ይጠቀሙ፤ አንድ መዳፍ ከመላው ቆዳዎ አንድ በመቶ ያህል ነው። ሐኪሞችም የበሽታውን ደረጃ ሲለኩ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ከአሥር መዳፍ በታች መሆኑና ከዚያ መብለጡ ኋላ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ቀጣዩ እርምጃ ቅባትን ይመለከታል፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የመሳሰሉ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ ይሸጣሉ፤ ቆዳ ያነጣሉ እየተባሉ ከሌላ ቅባት ጋር ተደባልቀውም ይሸጣሉ። እነዚህ ቅባቶች የሊምፎማውን ሴሎች ለጊዜው ያሳንሳሉ፤ ለዚህም ነው በሕክምናው ውስጥ ቦታ ያላቸው። ነገር ግን ምርመራው ሳይደረግ ሲቀቡ ማስረጃውን ያጠፋሉ፦ ከቆዳው ናሙና ሲወሰድ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የሚፈልጋቸውን ሴሎች ተበትነው ወይም ጠፍተው ያገኛቸዋል፤ መልሱም ችፌ ይሆናል። ስለዚህ ናሙና ከመሰጠቱ በፊት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቅባቱ እንዲቆም በአጠቃላይ ይመከራል። መቼና እንዴት እንደሚቆም ግን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ፤ በመላ ሰውነት ላይ ለወራት ሲቀቡ የቆዩ ሰዎች በድንገት ሲያቆሙ ሊጎዱ ይችላሉና። ምን እንደተቀቡ አይደብቁ፤ የሚያነጣ ቅባት ቢሆንም እንኳ ቆርቆሮውን ይዘው ይሂዱ። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ላሉ አንባቢያን የሚጨመር ማስጠንቀቂያም አለ። ለብርቱ ችፌ የሚሰጡ አዳዲስ መርፌዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ዱፒሉማብ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ቀድሞ ችፌ የተባለው ሽፍታ ሊምፎማ ሆኖ የተገኘባቸው ታማሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። ለአብዛኛው የችፌ ታማሚ መርፌው ጠቃሚ ነው። ሆኖም ችፌዎ በጎልማሳነት የጀመረ፣ ባልተለመደ ሥፍራ የወጣና ለመድኃኒት እምቢ ያለ ከሆነ፣ መርፌው ወይም እንደ ሳይክሎስፖሪን ያለ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ናሙናው፣ ማለትም ወደ ባዮፕሲ እንምጣ። ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል የሚል ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ብዙዎች ከምርመራ የሚቀሩትም በእሱ ነው። እምነቱ የመጣው ከእውነተኛ ትዝብት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ዘንድ የሚደርሱ ብዙ ታማሚዎች በሽታው ከገፋ በኋላ የሚሄዱ ስለሆነ ከቢላው በኋላ የሚያርፉት ይበዛሉ። የገደላቸው ግን መዘግየቱ ነው። በቆዳ ሊምፎማ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ መውሰድ በሽታውን አያሰራጭም፤ ከዚህ ውጪ በእርግጠኝነት የሚታወቅበት መንገድም የለም። ናሙናው ከአንድ በላይ ከሆኑ ምልክቶች፣ ከሁሉ ከቆየውና ወፈር ካለው ቢወሰድ ይሻላል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ወደ ላይኛው የቆዳ ሽፋን የወጡ፣ አንዳንዴም በአንድነት የተሰበሰቡ ያልተለመዱ ቲ ሴሎችን ነው። ከዚያ በልዩ ማቅለሚያ የሴሎቹን ዓይነት ይለያል፤ በሚቻልበት ቦታም ሴሎቹ ሁሉ ከአንድ እናት ሴል የመጡ መሆናቸው በጂን ምርመራ ይታያል። ሐኪምዎ በማዘዣው ላይ የሽፍታውን ዕድሜና ሊምፎማ መጠርጠሩን እንዲጽፍ ይጠይቁ፤ ይህ ሳይገለጽለት የሚያይ ፓቶሎጂስት ቀላል እብጠት ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

የመጀመሪያው መልስ ሊምፎማ አይደለም ቢል ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። በጅማሬው ላይ ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ችፌን በማይክሮስኮፕም ይመስላል። የብዙ አገሮች ማዕከላት በአንድነት ባካሄዱት ጥናት፣ በሽታው ገና በጀመረበት ደረጃ ከታወቀላቸው ሰዎች ዘንድ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ምርመራው ውጤት ያለፈው ጊዜ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ነበር። ይህ የሆነው የተሟላ ላቦራቶሪ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ ሽፍታው ካልለቀቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ናሙናው ይደገም። ልዩ ማቅለሚያው በአካባቢዎ ከሌለም ናሙናው በሰም ተቀብሮ የተቀመጠበት ብሎክ እንዳይጣል ያሳስቡ፤ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፣ ወደ ሌላ ከተማ ወይም አገር ተልኮም ሊታይ ይችላል። የውጤት ወረቀቶችን ሁሉ በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ከሚሊዮን ስድስት ሰው ብቻ የሚይዝ በሽታ ከሆነ፣ ሽፍታ ያለበትን ሁሉ በካንሰር ማስፈራራት ምን ይጠቅማል? ሐኪም ባነሰበት አገር የናሙና ወረፋ ማብዛትስ ጉዳት የለውም ወይ? እውነት ነው፣ እያንዳንዱ ሽፍታ ናሙና አያስፈልገውም፤ ጭርት የጭርት መድኃኒት ወስዶ ከለቀቀ ነገሩ አበቃ። እኔ የምለው በጣም ለጠበበ ክበብ ነው፦ ከስድስት ወር በላይ ለቆየ፣ ተገቢውን ሕክምና አግኝቶ ለተመለሰ፣ ፀሐይ በማያየው ሥፍራ ለወጣና መልኩ ለሚለዋወጥ ሽፍታ። በዚህ ክበብ ውስጥ ያለ ሰው ናሙና ሳይሰጥ ለዓመታት ቅባት ሲገዛ የሚያወጣው ገንዘብ፣ የሚያጣው ጊዜም ከአንድ ምርመራ ይበልጣል።

ምርመራው ሊምፎማ መሆኑን ካረጋገጠ የመጀመሪያ ጥያቄዎ በስንተኛው ደረጃ ላይ ነኝ የሚል ይሁን። ካንሰር የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ደረጃው ይነግርዎታል። ዝርግ ወይም ትንሽ ወፈር ያለ ምልክት ብቻ ኖሮ ከቆዳው ከአሥር በመቶ በታች ከሸፈነ አንደኛ ደረጃ ሀ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ አንደኛ ደረጃ ለ። እባጭ ሲወጣ፣ ወይም ቆዳው ከሞላ ጎደል ሁሉ ሲቀላ፣ ወይም የሊምፍ ዕጢዎች፣ ደምና የውስጥ አካላት ሲነኩ ደረጃው ከፍ ይላል። ለንደን ውስጥ የ1,502 ታማሚዎችን መዝገብ የመረመረው በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል፦ በአንደኛ ደረጃ ሀ ላይ ከታወቀላቸው መካከል 94 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ እባጭ ካወጡት መካከል ግን 47 በመቶው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደረጃ ታማሚዎች ከዚያ ወደ ከፋው ሳይሸጋገሩ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ደረጃውን ለማወቅ ሐኪሙ መላ ቆዳዎን ያያል፤ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ንፍፊት መኖሩን በእጁ ይዳስሳል፤ የደም ምርመራ ያዝዛል። ለጥቂት ዝርግ ምልክት ሁሉም ዓይነት ውድ ምስል አያስፈልግም፤ ለምን እንደታዘዘ መጠየቅ መብትዎ ነው። ቆዳው ሁሉ ቀልቶ በደም ውስጥም የበሽታው ሴሎች ሲበዙ ሴዛሪ ሲንድረም ይባላል፤ ይህ የተለየ ክትትል የሚጠይቅ ብርቱ ዓይነት ነው።

ስለ ሕክምናው ብዙ ቤተሰብ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ካንሰር ከሆነ ለምን በቶሎ ኬሞ አይጀመርም የሚል ነው። ቤት ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስቡም አሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ መልሱ ግን ከጥናት ይምጣ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 103 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ለአንዱ ወገን ገና ከመጀመሪያው በመላ ቆዳ ላይ የሚሰጥ ጨረርና ብርቱ ኬሞቴራፒ በአንድነት ተሰጠ፤ ለሌላው በቆዳ ላይ ከሚቀባ መድኃኒት ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ደረጃ በደረጃ ተጨመረ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው ኃይለኛው ሕክምና ከተሰጣቸው 38 በመቶው፣ ከሌላው ወገን 18 በመቶው ምልክታቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶላቸው ነበር። ሆኖም በሕይወት በመቆየት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ በኃይለኛው ሕክምና ግን የደረሰው ጉዳት በዛ። ዛሬም የዓለም መመሪያዎች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፦ ለመጀመሪያው ደረጃ ጠንካራ ስቴሮይድ ቅባት፣ የሜክሎሬታሚን ቅባትና በክሊኒክ በተመጠነ አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጥ ሕክምና፤ ለጥቂት ግትር ምልክቶች የተወሰነ ጨረር። የብርሃኑ ሕክምና በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለወራት መመላለስን ይጠይቃል፤ ከቤትዎ እስከ ክሊኒኩ ያለውን የትራንስፖርት ወጪ አስቀድመው ያስሉ፣ በመሃል ማቋረጥ ጥቅሙን ይቀንሳልና። ደጅ ፀሐይ መሞቅ አይተካውም፤ መጠኑ አይለካም። በሽታው ሲጠነክር ሜቶትሬክሴት፣ ቤክሳሮቲን፣ ኢንተርፌሮን፣ ከዚያም እንደ ብሬንቱክሲማብና ሞጋሙሊዙማብ ያሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ይመጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በጣም ውድ ናቸው። ሜቶትሬክሴትና ቤክሳሮቲን ፅንስ ስለሚጎዱ እርጉዝ የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት አስቀድማ መናገር አለባት። ከኬሞ በፊት እነዚህ መንገዶች ሁሉ ስላሉ፣ ለአንደኛ ደረጃ በሽታ ቤት መሸጥ አያስፈልግም።

በየቀኑ የሚደረገው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ ሳይቋረጥ መሠራቱ ግን ዋጋ አለው። በለብታ ውኃ፣ ሽቶ በሌለው ሳሙና አጠር አድርገው ይታጠቡ፤ ቆዳው እርጥብ እንዳለ ቫዝሊን ይቀቡ። ጥፍርዎን ያሳጥሩ። ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳዎት ዝም አይበሉ፤ ከተለመደው የአለርጂ ክኒን ሌላ ለዚህ የሚሆኑ መድኃኒቶች አሉ። በገፋው ደረጃ ታማሚን ከሚገድሉት ዋነኛው በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል የሚገባ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው፤ ስለዚህ ትኩሳት፣ የሚያዥ ቁስል ወይም በድንገት የሚያድግ እባጭ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ቆዳ የሚያቃጥል ቅጠል ወይም ዱቄት በምልክቱ ላይ አይለጥፉ፤ ለባክቴሪያው በር ይከፍታል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው እምነቱን መተው የለበትም፤ መድኃኒቱን ማቋረጥም የለበትም። ሁለቱ የሚጋጩበት ምክንያት የለም፤ የተከፈተ ቁስል ካለ ግን ብዙ ሰው በሚጠመቅበት ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁስሉ ይታከም።

ከአገር ውጭ የሚታከሙ ከሆነ በቋንቋ ምክንያት ዝም አይበሉ። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታማሚ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅዎን በአስተርጓሚነት ማቆም የለብዎትም፣ እናቱ ወይም አባቱ ካንሰር እንዳለባቸው አንድ ሕፃን መተርጎም አይገባውምና። አገር ቤት ያሉ አንባቢያን ደግሞ ከአጠቃላይ ሐኪም ወደ ቆዳ ሐኪም የሚያደርስ የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አለርትና ጥቁር አንበሳ የቆዳ ሕክምና የሚሰጥባቸውና ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ሆስፒታሎች ናቸው።

ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ ታክሞ የተመለሰ ሽፍታ ካለብዎት ዛሬ ፎቶ ያንሡት፤ የቀቡትን ሁሉ ይጻፉ፤ በዚህ ወር ውስጥም የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ናሙና ይወሰድልኝ ብለው ይጠይቁ።